ቅጠል ላይ ነጭ ዱቄት ሲወጣ ምን ይደረግ (ድሬና ሐረር ጓሮ ላላችሁ)

ብርዱ ገባ ገባ ሲል ድሬም ሐረርም ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፣ የዝኩኒዬ ቅጠል ላይ ነጭ ዱቄት ወጣ፣ ጽጌረዳዬ ጫፉ ነጭ ሆኖ ተጨማደደ፣ ምን ልርጭበት? እኔ ደሞ ሁሌ የምመልሰው ቆይ ምንም አትርጩ፣ መጀመሪያ ተክሉ የቆመበትን ቦታ እዩት ነው። መድኃኒት አይሰራም ማለቴ አይደለም፣ ይሰራል፣ ግን ቦታው ካልተስተካከለ በየሳምንቱ ስትረጩ ነው የምትኖሩት፣ ቦታው ከተስተካከለ አብዛኛውን ጊዜ መቀስና ትንሽ ወተት ይበቃል።

በሽታው ባለሙያዎቹ ፓውደሪ ሚልዲው የሚሉት ነው፣ እኔ እዚህ ጋር ነጭ ዱቄት እያልኩ ልቀጥል። ፈንገስ ነው። ችግሩ ደሞ እዚህ ላይ ይጀምራል፣ ፈንገስ ሲባል ሰው ቶሎ የሚመጣለት ውሃ በዝቶበት ነው የሚል ነው። ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ያለችው አክስቴ ጽጌረዳዋ ነጭ ሲሆንባት ጎረቤቶቿ ውሃ ነው የሚያመጣው ብለዋት ማጠጣት ቀነሰች፣ ስሄድ መሬቱ ተሰነጣጥቋል ጽጌረዳው ደሞ ከበፊቱ ብሶበታል። "አክስቴ ውሃውን ለምን ከለከልሽው" ስላት "ልጄ ሻጋታ አይደል እንዴ፣ ደረቅ ካለ ይሞታል ብዬ ነው እኮ" አለችኝ። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ሌሎቹ የቅጠል ፈንገሶች አብዛኞቹ ለመብቀል ቅጠሉ ላይ ጠብ ያለ ውሃ ይፈልጋሉ፣ ይሄኛው አይፈልግም፣ ዘሩ (ስፖር የሚባለው) ደረቅ ቅጠል ላይ ቁጭ ብሎ ይበቅላል፣ እንደውም ቅጠሉ ላይ ውሃ ሲቆይ ብዙው ስፖር ይበላሻል። ሥሩ የተጠማ ተክል ደሞ ተዳክሞ ነው የሚጠብቀው። ስለዚ ውሃ በመከልከል ይሄን በሽታ ማዳን የለም።

ታዲያ ምንድነው የሚፈልገው? ጥላ ይፈልጋል፣ የማይንቀሳቀስ አየር ይፈልጋል፣ ለስላሳ ለጋ ቅጠል ይፈልጋል፣ ቀኑ ሞቅ ያለና ደረቅ ሆኖ ሌሊቱ እርጥበት ያለው አየር ሲሆን ደስ ይለዋል፣ ሙቀቱ ከ20 እስከ 27 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ደሞ በደንብ ይሮጣል። ከ32 እስከ 35 ዲግሪና ከዛ በላይ ሲሆን ይደክማል። አሁን ይሄን ይዛችሁ ሁለቱን ከተሞች እዩአቸው። ሐረር 1,885 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለችው፣ አመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አየሩ ለዚህ በሽታ የተመቸ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ 35ን አልፎ ሲሄድ ነጭ ዱቄቱ ብዙም አይታይም፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት ግን ቀኑ ልከኛ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለሚሆን ከያለበት ብቅ ይላል። በመካከላቸው ያለው 55 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው ግን የደንገጎን ዳገት ስትወጡ አየሩ ሙሉ በሙሉ ይለወጣል፣ ስለዚ ሐረር ያለ ዘመዳችሁ የሰራለትን ነገር ድሬ ላይ እንዳለ መገልበጥ አይሆንም፣ በተለይ መርጫው ላይ። ወደዛ እመጣለሁ።

በትክክል እሱ መሆኑን እዩ

ድሬ ላይ ቅጠል የሚያነጣ ነገር ብዙ ነው። አቧራ አለ፣ ውሃው ራሱ ኖራ ስላለበት ቅጠል ላይ ረጭታችሁት ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል፣ ደሞ ሚሊባግ የሚባለው ጥጥ የለበሰ ተባይ አለ። ዝኩኒ ደግሞ አንዳንዱ ዝርያ ከተፈጥሮው የቅጠሉ ደም ስር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ብርማ ነጭ ጥለት አለው፣ እሱን በሽታ ነው ብለው ቅጠሉን ቆርጠው የጨረሱ ሰዎች አይቻለሁ፣ ያሳዝናል። ጥለቱ ከሆነ በሁሉም ቅጠል ላይ ተመሳሳይ ቦታ ነው፣ በጣት ብታሹት አይነሳም።

ነጩ ዱቄት ሲጀምር ክብ ክብ ነው፣ ሽንብራ ፍሬ የምታክል ነጭ ነጥብ፣ ብዙ ጊዜ ከስር ያሉት ያረጁና ጥላ ውስጥ ያሉት ቅጠሎች ላይ። በጣታችሁ ጠረግ ስታደርጉት ይነሳል፣ ጣታችሁ ላይ ይቀራል፣ ከስሩ ያለው ቅጠል መጀመሪያ ላይ አረንጓዴ ነው። አቧራም በጣት ይነሳል አይደል፣ ልዩነቱ አቧራ ከላይ ብቻ ነው እኩል የተነሰነሰ፣ ይሄኛው ቅጠሉን ገልብጣችሁ ስታዩት ከስርም አለ፣ ከጠረጋችሁት በኋላ ደሞ ከ4 ከ5 ቀን በኋላ እዛው ቦታ ላይ ተመልሶ ይወጣል። በስልክ ካሜራ ዙም አድርጋችሁ ብታዩት በጣም ቀጭን ነጭ ክር ክር ነገር ታያላችሁ፣ እሱ ነው ፈንገሱ፣ ቅጠሉ ላይ ተኝቶ ትንንሽ ስር ወደ ውስጥ ሰዶ ምግብ ይመጠምጣል። ጽጌረዳ ላይ ትንሽ ይለያል፣ ከታች ሳይሆን ከላይ ከለጋው ጫፍ ነው የሚጀምረው፣ ቅጠሉ ይጠማዘዛል፣ ወደ ሀምራዊ ይሄዳል፣ እምቡጡ አንገት ላይ ነጭ ይለብስና አበባው ሳይከፈት ይቀራል።

አንድ ሌላ በሽታ አለ ስሙ ስለሚመሳሰል ሰው የሚያምታታው፣ ዳውኒ ሚልዲው ይባላል፣ እሱ ከላይ በደም ስሮቹ የታጠረ ቢጫ ካሬ ካሬ ያወጣና ከስር ግራጫ ሆኖ ይታያል፣ እሱ እውነትም እርጥብ ቅጠል ነው የሚፈልገው፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው። ዝናብ ሰሞን ኪያር ላይ ካያችሁት እሱ ሊሆን ይችላል።

ሰው የሚጨነቅበት ደሞ ከጽጌረዳው ወደ ዝኩኒው ይተላለፋል ወይ የሚለው ነው። አይተላለፍም። ሁሉም ነጭ ዱቄት አንድ ይመስላል እንጂ የተለያዩ ፈንገሶች ናቸው፣ የጽጌረዳው ለጽጌረዳ ነው፣ የወይኑ ለወይን ነው። ዱባ፣ ዝኩኒ፣ ኪያር፣ ሀብሃብ ግን አንድ ዘር ስለሆኑ እርስ በርስ ይሰጣጣሉ።

ቦታውን ማስተካከል

እዚህ ላይ ነው ልቤ ያለው ስለዚ ትንሽ ልቆይበት። ሐረር ጀጎል ውስጥ ያሉትን ግቢዎች የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ በግንብ የታጠሩ ናቸው፣ ግንቡ ረጅም ነው፣ ፀሐይ የምትገባው የተወሰነ ሰዓት ነው፣ ነፋስ ደሞ እንደልቡ አይዞርም። ድሬ ሳቢያን አካባቢ ያሉት አዳዲሶቹ ግቢዎችም ያው ናቸው፣ ብሎኬት አጥር፣ ጥግ ላይ ሮቶ፣ ከሮቶው ስር የሚንጠባጠብ ውሃ ስላለ ዝኩኒው እዛ ይተከላል። ውሃው አለ እውነት ነው፣ ግን በሁለት ግድግዳና በሮቶ መሀል ሌሊት ሌሊት አየሩ ታምቆ ያድራል፣ በሽታው የሚፈልገውን ሁሉ አዘጋጅታችሁ ሰጣችሁት ማለት ነው። ከዛ ግድግዳ 1 ሜትር ራቅ አድርጋችሁ ብትተክሉትና ውሃውን በጎማ ብታደርሱለት ልዩነቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ስፖሩ እኮ በነፋስ ነው የሚሄደው፣ ታዲያ ለምን ነፋስ ይግባ ትላለህ የሚል ይኖራል። ነፋሱ ከጎረቤት ስፖር ማምጣቱ አይቀርም፣ አጥርም አያስቆመውም፣ እኛ መቀነስ የምንችለው የመጣው ስፖር የሚመቸውን ሁኔታ ነው፣ አየር ሲዘዋወር ቅጠሎቹ መሀል የሚታመቀው የሌሊት እርጥበት ይወጣል።

ፀሐይን በተመለከተ በቀን 6 ሰዓት ያህል ብታገኙ ጥሩ ነው፣ ግን የድሬ የከሰዓት ፀሐይ ሌላ ነገር ስለሆነ ዝኩኒም ኪያርም ይጠወልጋል፣ ለድሬ የምመክረው ከንጋት እስከ ረፋድ 5 ሰዓት ወይ 6 ሰዓት ድረስ ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ከዛ በኋላ ግን ትንሽ ጥላ የሚያርፍበት ቦታ ነው፣ የጠዋት ፀሐይ ሌሊት የታመቀውን እርጥበት ቶሎ ያነሳዋል። ድሬ ከዚራ አካባቢ ትልልቅ ዛፍ ስር ያለ ጓሮ ያላችሁ ሰዎች የዛፉን የታችኛውን ቅርንጫፍ ብታስቆርጡ ከማንኛውም መድኃኒት ይሻላችኋል።

ርቀት። አንድ ዝኩኒ 1 ሜትር አካባቢ ቦታ ስጡት፣ ሰው 30 ሳንቲም ላይ ይተክልና ሲያድግ ቅጠሉ ቅጠል ላይ ተደራርቦ ከስር ጨለማ ይሆናል። ኪያር መሬት ላይ አይልበስ፣ ገመድ ወይ እንጨት አቁማችሁ ወደላይ ስቀሉት። ጽጌረዳ ከ60 እስከ 90 ሳንቲም ይራራቅ፣ ሲገረዝ ደሞ መሀሉን ክፍት አድርጋችሁ ወደ ውስጥ የሚያድገውን ቅርንጫፍ አውጡት። ሰው ጽጌረዳ ሲገርዝ ከላይ ከላይ እኩል አድርጎ ይቆርጠዋል፣ ያ መሀሉን የበለጠ ያጨናንቀዋል።

ዩሪያ። እባካችሁ ቀንሱት። ዩሪያ ሲበዛበት ተክሉ ቶሎ ቶሎ ለምለም ውሃ የሞላው ለስላሳ ቅጠል ያወጣል፣ ሰውየው ደስ ይለዋል፣ ግን ፈንገሱም የሚወደው እሱን ነው። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይ ኮምፖስት ቀስ እያለ ስለሚሰጥ ለጓሮ ይሻላል። የታመመ ተክል ላይ ደሞ ይበርታ ተብሎ ዩሪያ አይጨመርም፣ ያኔ የሚወጣው አዲስ ቅጠል በቀጥታ ለበሽታው ነው የሚሆነው።

ውሃው ሥሩ ላይ ይጠጣ፣ በቋሚነት፣ በተለይ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ሥሩ ዙሪያ ደረቅ ሳር ወይ ገለባ አልብሱት እርጥበቱን ይይዝላችኋል። ጽጌረዳን ደሞ አልፎ አልፎ ጠዋት ላይ ቅጠሉን በጎማ ጠንከር ባለ ውሃ ማጠብ ይረዳል፣ ስፖሩን ያጥበዋል ያበላሸዋልም፣ ጠዋት ብቻ ግን፣ ማታ ታጥቦ እርጥብ ሆኖ ካደረ ሌላ በሽታ ይጠራል። ለቲማቲም ይሄን አላደርግም።

ሌላው የምናልፈው ነገር ይሄ ነው፣ ውጭ ሀገር በረዶ መጥቶ ተክሉን ሁሉ ያጠፋና በሽታው ለጊዜው ይቋረጣል፣ እኛ ጋር የሚያቋርጠው የለም፣ አመቱን ሙሉ የሆነ ቦታ ዱባ ወይ ዝኩኒ አለ። ይሄ ፈንገስ ደሞ የሚኖረው በህይወት ያለ ቅጠል ላይ ስለሆነ የሚሸጋገረው ከአሮጌው ተክል ወደ አዲሱ ነው። ስለዚ አሮጌው ዝኩኒ አንድ ሁለት ፍሬ ይሰጠኛል ብላችሁ ነጭ ሆኖ ቆሞ እያለ ጎኑ አዲስ ችግኝ አትትከሉ። አሮጌውን ንቀሉ፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆዩ፣ ከዛ ትከሉ፣ ከተቻለ በሌላኛው የግቢው ጥግ። ዘር ስትገዙ ደሞ በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ እንዳለ ጠይቁ፣ የኪያርና የዝኩኒ ዘር ፓኬት ጀርባ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ከወጣ በኋላ

ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ፣ ምክንያቱም አንድ ስፖር ቅጠል ላይ አርፎ ሌላ ስፖር ለማውጣት የሚፈጅበት ከ5 እስከ 7 ቀን ነው፣ አንዳንዴ ከዛም ያነሰ። አምስት ቅጠል ላይ ነጥብ ነጥብ ሲል ከያዛችሁት ቀላል ነው፣ ሙሉ ተክሉ ነጭ ከሆነ በኋላ ግን እውነቱን ለመናገር የሚመልሰው የለም፣ የሚቻለው አዲሱን ቅጠል ማዳን ነው።

ቆረጣው እንዲህ ነው። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ የታመመውን ቅጠል መጀመሪያ ፌስታሉ ውስጥ ቀስ ብላችሁ አስገቡት፣ ከዛ ነው አንገቱን በመቀስ መቁረጥ። ሰው በባዶው ቆርጦ እያራገፈ ይሄዳል፣ ፀሐይ ስትመታው ብታዩት ጭስ የሚመስል ነገር ይነሳል፣ እሱ ሁሉ ስፖር ነው፣ ለቀሪው ቅጠል እያደላችሁት ነው። ፌስታሉን አስራችሁ ጣሉ። በአንድ ጊዜ ከተክሉ ቅጠል ከሲሶው በላይ አትቁረጡ፣ የድሬ ፀሐይ ፍሬውን ያቃጥለዋል፣ ተክሉም ምግብ የሚሰራበት ያጣል። የታችኞቹን ያረጁትን አስቀድሙ። ጽጌረዳ ከሆነ ነጭ የሆነውን ጫፍ ከጤነኛው ግንድ ትንሽ ጨምራችሁ ቁረጡ ምክንያቱም ጽጌረዳ ላይ ፈንገሱ እምቡጡ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል።

ከዛ በኋላ ነው መርጨት። መጀመሪያ ወተት። ሰው ሲሰማ የሚያምን አይመስልም ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ብራዚላዊው ተመራማሪ ዋግነር ቤትዮል ዝኩኒ ላይ የላም ወተት ሞክሮ ውጤቱን አሳትሟል፣ ነጩን ዱቄት በደንብ ይቀንሰዋል። 1 ብርጭቆ ወተት በ9 ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ ሃይላንድ ላይ በሚገጠመው መርጫ ወይ በማንኛውም ንጹህ ስፕሬይ በሳምንት አንዴ፣ በሽታው ከጀመረ በሳምንት ሁለቴ ርጩ። ወተት ስታበዙበት ይሸታል፣ ዝንብ ይጠራል፣ ቅጠሉም ላይ ሌላ ሻጋታ ይበቅልበታል፣ ስለዚ አታብዙት። የሚሰራው ብርሃን ሲያገኝ ስለሆነ ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ነው የሚረጨው፣ ማታ አይደለም። የዱቄት ወተትም ይሆናል፣ እንደውም ቅባት የሌለው ሽታው ያነሰ ነው። አይብ የምታወጡ ከሆነ ደሞ አጓቱን አትድፉት፣ ጨው እስካልገባበት ድረስ አንድ እጅ አጓት በሦስት እጅ ውሃ አድርጋችሁ ርጩት፣ ያው ስራ ይሰራል። አጓት ሲደፋ ሳይ ያናድደኛል ወላሂ።

ቤኪንግ ሶዳ። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል ግን ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ ሶዳ ነው እንጂ ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፣ ሱቅ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት እና ሰው ያምታታል። ሁለተኛ መጠኑ ለ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ለጥ ያለ፣ ከዛ አይበልጥም፣ ቅጠሉ ላይ እንዲይዝ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና። ሲበዛ ቅጠሉን ያቃጥላል። ሶዳ ውስጥ ሶዲየም አለ፣ የእኛ ውሃ ድሮም ማዕድን የበዛበት ነው፣ በየሳምንቱ ሶዳ ስታንጠባጥቡበት አፈሩ ውስጥ ይከማቻል፣ በተለይ ዕቃ ላይ ላለ ተክል። ስለዚ እኔ ሶዳን ወተት ለማይገኝበት ጊዜ ለሁለት ሦስት ዙር ነው የምመክረው፣ ለቋሚነት አይሆንም። በረኪና ግን በምንም አይነት አትርጩ።

የኒም ዘይት። ድሬ ላይ የኒም ዛፍ የሌለበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል፣ ብዙ ሰው ቅጠሉን ቀቅሎ ይረጫል፣ ለአንዳንድ ተባይ ትንሽ ይረዳ ይሆናል ለነጭ ዱቄት ግን ደካማ ነው፣ የሚሰራው ከፍሬው የሚወጣው ዘይት ነው። ያልተቀላቀለ የኒም ዘይት ካገኛችሁ ለ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት እና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ሳሙናው ዘይቱን ከውሃው ጋር እንዲያዋህደው ነው፣ እየረጫችሁም ሃይላንዱን ነቅነቅ አድርጉት ዘይቱ ከላይ እንዳይንሳፈፍ። ውሃችሁ ሳሙና የማያረፋ ጠንካራ ውሃ ከሆነ የዝናብ ውሃ ተጠቀሙ፣ ካልሆነ ሳሙናው እርጎ ሆኖ መርጫውን ይደፍነዋል። ዘይት ከወተት የሚለየው የወጣውንም ነጭ ነገር ስለሚያጠፋ ነው፣ ሌላው በአብዛኛው የሚከላከል ነው። ግን ፀሐይ ላይ ቅጠል ያበስላል፣ ሙቀቱ ከ30 በላይ ከሆነ አትንኩት፣ ከሰዓት 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ፀሐይ ስትበርድ ነው ጊዜው። የተጠማ ተክል ላይም አይረጭም፣ ከማታው አጠጥታችሁ በነጋታው ማታ ርጩ። በዛ ሰዓት የዝኩኒም የዱባም አበባ ተዘግቶ ንቦቹ ሄደዋል፣ ይሄም አንድ ጥቅም ነው፣ ንብ ከሌለ ዝኩኒ የለም።

ድኝ። ይሄ የቆየ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1845 እንግሊዝ ሀገር ማርጌት ከተማ አንድ አትክልተኛ ወይን ላይ ይሄን በሽታ አየ፣ ከዛ በጥቂት አመት ውስጥ ፈረንሳይ ገብቶ የወይን ምርቷን አንኮታኮተው፣ ያዳናቸው ድኝ ነው፣ እስካሁንም ይሰራል። የምትገዙት ግን በውሃ የሚበጠበጥ ተብሎ ለእርሻ የተዘጋጀውን ነው፣ መጠኑን ማሸጊያው ላይ ያለውን ተከተሉ። ገበያ ላይ የሚሸጠውን ድንጋይ ድኝ ፈጭቶ መነስነስ ወይ ግቢ ውስጥ ማጨስ አይደለም፣ ጭሱ ተክሉንም ሳንባችሁንም ይጎዳል። ሐረር ያላችሁ ድኝ በደንብ ይሆናችኋል፣ ለጽጌረዳና ለወይን በተለይ። ድሬ ያላችሁ ግን ከህዳር እስከ ጥር ባለው ቀዝቀዝ ያለ ጊዜ ካልሆነ እርሱት፣ ሙቀቱ 30 ሲያልፍ ድኝ ቅጠል ያቃጥላል፣ ዱባና ኪያር ደሞ በተለይ አይችሉትም። ዘይት ከረጫችሁ ደሞ ቢያንስ 2 ሳምንት ሳይሞላ ድኝ አይከተልም፣ ከድኝ በኋላም ዘይት እንደዛው፣ ሁለቱ ሲገናኙ ተክሉን ይገሉታል። አፍና አፍንጫ ሸፍኑ፣ ጓንት አድርጉ፣ አይናችሁን ጠብቁ።

የእርሻ መድኃኒት መሸጫ ስትሄዱ ለፈንገስ ስትሉ ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ ማንኮዜብ ወይ ሪዶሚል ነው። ሁለቱም ጥሩ መድኃኒት ናቸው፣ ለድንችና ለቲማቲም ዋግና ምች መሰል በሽታ፣ ለዳውኒ ሚልዲውም። ለነጭ ዱቄት ግን ብራችሁን ነው የምትጥሉት። ገዝቶ ረጭቶ ረጭቶ ይሄ በሽታ መድኃኒት የለውም ያለኝ ሰው ብዙ ነው፣ መድኃኒቱ ስላልሆነ ነው እንጂ። የተባይ መድኃኒት ማላታይንም እንደዛው ነው፣ ፈንገስን አይነካም። ሻጩን ለፓውደሪ ሚልዲው የተመዘገበ ብላችሁ በስሙ ጠይቁት፣ ማሸጊያው ላይ በየትኛው ተክል ላይ እንደሚረጭና ከተረጨ ከስንት ቀን በኋላ እንደሚለቀም ካልተጻፈበት ወይ ማንበብ ካልቻላችሁት አትግዙ። ወደ ተክሉ ውስጥ ሰርጎ የሚገባ መድኃኒት ከሆነ ደሞ አንዱን ብቻ ደጋግማችሁ አትርጩ፣ ፈንገሱ ይለምደዋል። እኔ ልጆች እየቆረጡ ጥሬውን የሚበሉት ኪያር ላይ እነዚህን ባትነኩ ነው የምመርጠው።

የትኛውንም ስትረጩ መጀመሪያ አንድ ሁለት ቅጠል ላይ ሞክሩና 2 ቀን ጠብቁ። ከዛ ከስርም ከላይም፣ ጠብ ጠብ እስኪል። ብዙ ሰው ከላይ ብቻ ይረጭና አልሰራም ይላል። ዛሬ ወተት ነገ ሶዳ ከነገ ወዲያ ዘይት ማደራረብም ይቅር፣ አንዱን ይዛችሁ ሦስት ሳምንት ተከታተሉት፣ ማየት ያለባችሁ አሮጌው ቅጠል መጽዳቱን ሳይሆን አዲስ የወጣው ቅጠል ንጹህ መሆኑን ነው፣ አንዴ የተበላው ቅጠል ቢጫ ቡኒ ሆኖ ነው የሚቀረው።

ቃሪያና ማንጎ ለብቻ

ቃሪያና ቲማቲም ላይ የሚመጣው ሌላ ዓይነት ነው፣ እሱ ደረቅና ሞቃት ሀገር ይወዳል ስለዚ ድሬ ላይ ይበዛል። ከላይ ቢጫ ደብዛዛ ነጥብ ብቻ ነው የምታዩት፣ ስትገለብጡት ከስር ስስ ነጭ ዱቄት አለ፣ ከዛ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ቃሪያው ራቁቱን ይቀርና ፍሬው በፀሐይ ይቃጠላል። ይሄኛው አብዛኛው አካሉ ቅጠሉ ውስጥ ስለሆነ ከላይ የሚረጭ ወተትና ሶዳ ብዙ አይደርስበትም፣ መጀመሪያ ላይ የታመሙትን የታች ቅጠሎች ማንሳት፣ ውሃ አለማቋረጥ፣ ቀዝቀዝ ባለው ወር ከሆነ ድኝ ገና ሲጀምር ከስር ከስር መርጨት ነው።

ማንጎ ላይ ከቅጠሉ ይልቅ አበባውን ነው በደንብ የሚመታው። አበባው ዱቄት ይለብስና ቡኒ ሆኖ ይረግፋል፣ ሰው ደሞ ዘንድሮ ማንጎው አልያዘም፣ ብርዱ መታው ይላል። ከአበባው ዘለላ ስር ነጭ ነገር ካያችሁ እሱ ነው። የቤት ማንጎ ትልቅ ስለሆነ መርጨቱ ከባድ ነው፣ ድኝ የሚረጭ ከሆነ ዘለላው ብቅ ሲል አበባው ሳይከፈት ነው፣ ካለፈ በኋላ ብትረጩት ጥቅም የለውም። ምርት ከተለቀመ በኋላ መሀሉን ማሳሳት፣ የደረቀውን ዘለላ አራግፎ ማውጣት ለሚቀጥለው አመት በጣም ይረዳል።

በመጨረሻ ሰዎች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ ቅጠሉ ነጭ የሆነ ዝኩኒ ወይ ዱባ ፍሬው ይበላል? ይበላል፣ ይሄ ፈንገስ ተክል ላይ እንጂ ሰው ላይ አይኖርም፣ በደንብ አጥባችሁ ብሉት፣ ጣዕሙ ግን ቅጠሉ በጣም ከተጎዳ ይቀንሳል፣ ሀብሃብ ላይ በተለይ ስኳሩ አይገባም። አስም ወይ አለርጂ ያለው ሰው ግን ቆረጣውን ለሌላ ይስጥ ወይ ማስክ ያድርግ። ፍየል ያላችሁ ደሞ ድኝ ወይ ሌላ መድኃኒት የተረጨ ቅጠል ቆርጣችሁ ደጅ አትጣሉ፣ የሰፈሩ ፍየል ሁሉ ነው የሚሻማበት።